8 ሜጋባይት ፍላሽ ላይ 11 ሜጋባይት፦ ሁሉንም በአንድ ጆንያ አትክተተው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከኪቶ ፉርዲሳ የተመረቅን ሦስት ጓደኛሞች ጅማ ውስጥ አንድ ዕቃ እየሠራን ነው። አጋሮ አካባቢ ቡና የሚደርቅባቸው አልጋዎች ላይ ሙቀትና እርጥበት እየለካ በየደቂቃው ይመዘግባል። ሳጥኑ አሮጌ ራውተር ነው። ፍላሹ 8 ሜጋባይት ኖር የሚባለው ዓይነት ነው፣ ራሙ 64። የሲስተማችን ፋይሎች ግን ሲደመሩ 11 ሜጋባይት ናቸው። መጀመሪያ ዚፕ አድርጌ ጻፍኩት፣ አልተነሳም። ቀጥሎ ሁሉንም ለፍላሽ በተሠራው ፋይል ሲስተም፣ በጄኤፍኤፍኤስ2፣ ሞከርኩ፤ ማጂክ ቢትማስኩ ተገልብጧል የሚል መልእክት ስክሪኑን ሞላውና ቆመ። የቱን ልጠቀም? በየደቂቃው ሲጻፍበት ፍላሹስ ቶሎ አያልቅም ወይ? ወይስ ሁሉን ትቼ ሚሞሪ ካርድ ልሰካበት?»

ዚፕ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች በማከማቻ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) አይደለም። ዕቃ ጠቅልሎ ለመላክ የተሠራ መጠቅለያ ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሲነሳ ፍላሹ ላይ የሚፈልገው የፋይሎቹን ማውጫ፣ እያንዳንዱ የት እንዳለ፣ የማን እንደሆነና ማን ሊያስኬደው እንደተፈቀደለት ነው። ከዚያ የተጠየቀውን ቁራጭ ብቻ ፈትቶ ያቀብላል። የታመቀ ፋይል ሲስተም ኢሜጅ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ እንደታሸገ የሚነበብ። ዚፕህን ማን ይፍታው? የሚፈታው ፕሮግራም ያለው እዚያው ዚፑ ውስጥ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስተህ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

«ግን ሙሉ ሲስተም ታምቆ ሲነሳ ራም ላይ የሚፈታ አይቻለሁ» ትለኝ ይሆናል። አለ፣ ኢኒትራምኤፍኤስ ይባላል። ከርነሉ ጥቅሉን ራም ላይ ይዘረግፈዋል፣ እዚያው ይኖራል። ከ64ቱ ላይ 11 ሜጋባይት በቋሚነት ሄደ ማለት ነው። ይሠራል፣ ግን ላንተ አያዋጣም።

የጄኤፍኤፍኤስ2 ስህተትህ ግን ደስ የሚል ነው፤ ምርመራውን ራሱ ሠርቶ ሰጥቶሃል። በጄኤፍኤፍኤስ2 እያንዳንዱ መዝገብ የሚጀምረው በሄክሳ (በ16 ቤት አቆጣጠር) 1985 በሚል ምልክት ነው፤ ማጂክ ቢትማስክ የሚባለው ይህ ነው። ኢሜጁን የሠራኸው ላፕቶፕህ ላይ ነው፣ ላፕቶፕ ደግሞ ትንሹን ባይት አስቀድሞ ይጽፋል። የብዙ አሮጌ ራውተሮች ሚፕስ ፕሮሰሰር ትልቁን ያስቀድማል። ስለዚህ አንተ 1985 ብለህ የጻፍከውን እሱ 8519 ብሎ አነበበው። ይህ ስህተት ከመደጋገሙ የተነሳ ከርነሉ ውስጥ 8519ን ጠብቆ «የባይቱ ቅደም ተከተል ተሳስቷል እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ መስመር ገብቷል። ለዚያ ቁጥር የሰጡት ስም እንኳ የዋናው ምልክት ስም ፊደሎቹ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጠው የተጻፉበት ነው። ኮድ ሳነብ ከሚያስቁኝ ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

መፍትሔው ኢሜጅ መሥሪያው ላይ ያለ አንድ አማራጭ ነው፤ «ትልቁ ባይት ይቅደም» ትለዋለህ። እግረ መንገድህን የማጥፊያ ብሎኩን መጠንም ንገረው። ዝም ብለህ ከተውከው የራሱን ግምት ይወስዳል፣ ግምቱ ካንተ ፍላሽ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ሌላ የስህተት ጎርፍ ይጠብቅሃል። ትክክለኛው መጠን ራውተሩ ላይ /proc/mtd በሚባለው ፋይል ውስጥ አለ፤ አትገምት፣ አንብበው።

ይህን አስተካክለህም ግን ሁሉንም በጄኤፍኤፍኤስ2 እንድታደርግ አልመክርህም። ለምን? ፍላሽ እንደ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ነው። ጠመኔው አንድ ፊደል መጻፍ ይችላል፤ ዳስተሩ ግን ሰሌዳውን በሙሉ ነው የሚያጠፋው። የጠፋ ብሎክ ላይ ቢቶቹ ሁሉ 1 ናቸው። መጻፍ ማለት 1ን ወደ 0 ማውረድ ነው። 0ን መልሶ 1 ለማድረግ ሙሉውን ብሎክ ማጥፋት ግድ ነው። ባንተ ዓይነት ኖር ፍላሽ ላይ ብሎኩ ብዙ ጊዜ 64 ኪሎባይት ነው። እንግዲህ አንዲት መስመር ለመቀየር 64 ኪሎባይት ልታጠፋ ነው?

ጄኤፍኤፍኤስ2 የመጣው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሬድሃት በተባለው የሊኑክስ ኩባንያ ውስጥ በዴቪድ ውድሃውስ የተሠራ ነው። አሮጌውን አያጠፋም፤ አዲሱን ባዶ ቦታ ላይ ጽፎ አሮጌውን «ሞቷል» ብሎ ይተወዋል። ቦታ ሲጠብበት የሞቱ የበዙበትን ብሎክ መርጦ፣ በሕይወት ያሉትን ወደ ሌላ አዛውሮ፣ ብሎኩን ያጠፋል። እያንዳንዱ መዝገብ የራሱ ማረጋገጫ ድምር ስላለው መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ በግማሽ የተጻፈውን ለይቶ ይጥለዋል። ክረምት ላይ ጅማ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዋጋው ሌላ ቦታ ይመጣል። ምን የት እንዳለ የሚናገር ቋሚ ማውጫ ስለሌለው ሲነሳ ክፍልፋዩን (የተሰጠውን የፍላሽ ክፍል) መቃኘት አለበት፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ አድራሻ ደግሞ ራም ላይ ይይዛል። በዚያ ላይ የሚያምቀው 4 ኪሎባይት በ4 ኪሎባይት እየቆረሰ ነው። ትንሽ ቁራጭ በደንብ አይታመቅም፤ የሚደጋገም ነገር የሚገኘው ሰፋ አድርጎ ለሚያይ ነው።

ስኳሽኤፍኤስ የሚባለው ሌላ የታመቀ ፋይል ሲስተም የሚያየው ሰፋ አድርጎ ነው። ሳትነካው ብሎኩ 128 ኪሎባይት ነው፣ እስከ 1 ሜጋባይት ይሄዳል። የፋይሎቹን ማውጫ ራሱንም ያምቃል። ይዘታቸው አንድ የሆነ ሁለት ፋይሎች ካሉ አንዱን ብቻ ያስቀምጣል። ከሊኑክስ ከርነል ጋር የተዋሃደው እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ2.6.29 ነው። አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይፈቅድም፤ መጻፍ። ከተሠራ በኋላ አንድ ባይት አትቀይርበትም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። ለኔ ዋናው ጥቅሙ ነው። የማይጻፍበት ነገር በመብራት መጥፋት አይበላሽም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ፕሮግራሞቹና ላይብረሪዎቹ በስኳሽኤፍኤስ፣ የምትቀይራቸው ጥቂት ቅንብሮችና መረጃው በትንሽ ጄኤፍኤፍኤስ2፣ ሁለቱን በኦቨርሌይ ማጣመር። ፕሮግራሞችህ አንድ ሙሉ የአቃፊ ዛፍ ያያሉ፤ ከታች የማይነካው፣ ከላይ የሚጻፍበት። ኦፕንደብሊውአርቲ (ለራውተር የተሠራ ሊኑክስ) ለዓመታት ራውተሮችን ሲያስነሳ የኖረው እንዲህ ነው። አዲስ መንገድ አትፍጠር።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 8 ሜጋባይት ማለት 128 ብሎክ ነው። ቡትሎደሩ (ከርነሉን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም) 2 ብሎክ ይይዛል እንበል፣ የዋይፋዩ ልኬት 1። ለታመቀው ከርነል 2 ሜጋባይት ተውለት፤ 32 ብሎክ። የ11 ሜጋባይቱ ፋይልህ ኤክስዚ በሚባለው ማመቂያ ሲታመቅ ወደ 4 ሜጋባይት ተኩል ቢወርድ 72 ብሎክ ይወስዳል። የቀረህ 21 ብሎክ ነው። ግን ጄኤፍኤፍኤስ2 ለጽዳቱ መዟዟሪያ 5 ብሎክ ገደማ ለራሱ ይይዛል። በእጅህ የሚቀረው 16 ብሎክ፣ ማለትም 1 ሜጋባይት ነው። ለቅንብርና ለመረጃ ይበቃል። ስኳሽኤፍኤሱ ከ4 ሜጋባይት ተኩል በላይ ከሆነብህ ማመቂያ ከመቀያየርህ በፊት ውስጡ ያለውን እይ። የማትጠቀምበት ላይብረሪ፣ የማረሚያ ምልክቶቹ ያልተራገፉለት ፕሮግራም፣ ማንም የማያነበው የእገዛ ገጽ ሞልቶ ይሆናል። ፎቶ ወይም ቀድሞ ዚፕ የሆነ ፋይል ካስገባህ ደግሞ ማመቂያው ምንም አይቀንስልህም። የተጨመቀ ሎሚ እንደገና አይጨመቅም።

የስኳሽኤፍኤሱ ኢሜጅ በብሎክ ልክ ማለቅ አለበት። መጨረሻው 64 ኪሎባይቱ መሃል ላይ ከወደቀ ትርፉን በባዶ ሙላው። ካልሞላኸው ጄኤፍኤፍኤስ2 የሚጀምረው ከስኳሽኤፍኤሱ ጅራት ጋር አንድ ሰሌዳ ላይ ይሆናል፣ የመጀመሪያው ማጥፋት ያንን ጅራት ይዞት ይሄዳል።

አሁን የብሎክ መጠን። አንዳንዱ «ትልቅ ሲሆን የበለጠ ይታመቃል» ሲባል ሰምቶ በቀጥታ 1 ሜጋባይት ያደርገዋል። አዎ፣ የበለጠ ይታመቃል። ግን ለአንድ ሲኒ ቡና የሚሆን ፍሬ ፈልገህ በየጊዜው 60 ኪሎ ጆንያ ሙሉ መፍታት ማለት ነው። ከአንድ ፋይል 4 ኪሎባይት ስትፈልግ የተቀመጠበት ብሎክ በሙሉ ይፈታል፣ መፍቻ ራምም ይበላል። ራም ሲጠብ ከርነሉ የፈታውን ይጥላል፣ ከደቂቃ በኋላ ያንኑ እንደገና ይፈታል። ሳጥኑ ያልተበላሸ ግን የሚያቃስት የሚሆነው ያኔ ነው። በ64 ሜጋባይት ራም 128 ላይ ተወው፣ ቦታ በጣም ካጠረህ 256። ከዚያ አትለፍ።

ማመቂያውን በተመለከተ ኤክስዚ ከሁሉም ያሳንሳል፣ ለመፍታት ግን ይከብዳል። ጂዚፕ መካከለኛ ነው። ዜድስታንዳርድ በፍጥነት ይፈታል፣ ለስኳሽኤፍኤስ ግን ከከርነል 4.14 ጀምሮ ነው የሚገኘው። ያንተ ችግር ቦታ ስለሆነ ኤክስዚን ምረጥ። «ማመቅ ያዘገያል» የሚለው ስጋት በግማሽ ብቻ ነው እውነቱ። ኖር ፍላሽ ራሱ ቀርፋፋ ነው፤ ከሱ ላይ ጥቂት ባይት አንብቦ ራም ላይ መፍታት አንዳንዴ ሁሉንም ካልታመቀው ከማንበብ ይፈጥናል። አንዴ የተፈታውም ቦታ እስካለ ድረስ ራም ላይ ይቆያል። የሚረሳው ሌላ ነገር ነው፤ የመረጥከውን ማመቂያ ከርነልህም ማወቅ አለበት። ከርነሉ ሲገነባ ኤክስዚ ካልተከፈተለት ኢሜጁ ምንም እንከን ሳይኖርበት «ስር ፋይል ሲስተሙን ማግኘት አልቻልኩም» ብሎ ይቆማል። ሰው ደግሞ ሦስት ቀን ኢሜጁን ሲጠግን ይከርማል።

ከሌሎቹ የታመቁ ፋይል ሲስተሞች ክራምኤፍኤስን አልመክርም፤ ያረጀ ነው፣ አንድ ፋይል ከ16 ሜጋባይት በላይ መሆን አይችልም፣ የሚያምቀውም በትንንሽ ገጽ ነው። ኢሮኤፍኤስ ጥሩ ነው፣ ስልኮች ላይ እየተስፋፋ ነው፣ የራውተርህ ከርነል አሮጌ ከሆነ ግን አያውቀውም።

የኦቨርሌይ ወጥመድ አንድ አለ። ቦታ ስታጣ ከሲስተሙ ጋር የመጣ ፕሮግራም ልታጠፋ ትሞክራለህ። ትእዛዙ ይሳካል፣ ፋይሉም ከዓይንህ ይጠፋል። ነጻ ቦታህን ስታየው ግን አልጨመረም፤ እንዲያውም ትንሽ ቀንሷል። ስኳሽኤፍኤሱ አይነካም ብያለሁ። የሆነው ነገር ላይኛው ሽፋን ላይ «ይህን ፋይል አታሳዩ» የሚል ምልክት መጻፉ ነው። ከሲስተሙ ጋር የመጣን ፕሮግራም ማሻሻልም እንዲሁ ነው፤ አሮጌው ከታች እንዳለ፣ አዲሱ ከላይ ቦታ ይይዛል። የማትፈልገውን ኢሜጁን ከመሥራትህ በፊት አውጣ።

ፍላሹ ያልቃል ወይ ላልከው፣ ስጋትህ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። የኖር ብሎክ በተለምዶ 100,000 ጊዜ መጥፋትን ይችላል ተብሎ ነው የሚሸጠው። እያንዳንዱ ብሎክ በየቀኑ አንድ ጊዜ ቢጠፋ እንኳ ከ270 ዓመት በላይ ነው። የሚያሳስበው የምትጽፍበት መንገድ ነው። አንድ ልኬት 40 ባይት ነው እንበል። ጄኤፍኤፍኤስ2 እያንዳንዷን ጽሑፍ 68 ባይት ራስጌ ያለብሳታል። ራስጌው ከመረጃው በለጠ! 40 ባይት ደግሞ አይታመቅም። በቀን 1,440 ልኬት ስለሆነ ወደ 150 ኪሎባይት ይሄዳል፤ 1 ሜጋባይትህ በሳምንት ይሞላል። ቁርጥራጩም በሺዎች ይቆጠራል፣ ስለዚህ መነሳቱ በየጊዜው እየዘገየ፣ ራሙም እየተበላ ይመጣል።

ልኬቶቹን ራም ላይ አጠራቅም። በየሰዓቱ 60ውን በአንድ ላይ ጻፋቸው። 2,400 ባይት አንድ ራስጌ ይበቃዋል፣ ቁጥሮቹ ስለሚመሳሰሉም ይታመቃል። መብራት ቢጠፋ የምታጣው ቢበዛ የአንድ ሰዓት ልኬት ነው። ቡናው አልጋ ላይ ከሳምንት በላይ ነው የሚቆየው፤ አንዲት ሰዓት ብትጎድል ቡናውን የሚያደርቁት ሰዎች አያስተውሉትም። ሳጥኑ በጥቅምት መከር መሃል አልነሳም ቢል ግን ያስተውላሉ። የሲስተሙን የራሱን ሎግ ደግሞ ጨርሶ ፍላሽ ላይ አትጻፍ፤ ራም ላይ ይቅር።

ሚሞሪ ካርድም ፍላሽ ነው፣ ግን ሌላ እንስሳ ነው። ውስጡ ተቆጣጣሪ ቺፕ አለ፤ ማጥፋቱን፣ ማዟዟሩን፣ የተበላሸ ብሎክ መደበቁን እሱ ይሠራል፣ ላንተ ግን እንደ ሃርድ ዲስክ ይታያል። ስለዚህ ጄኤፍኤፍኤስ2 እሱ ላይ ቦታ የለውም፤ የተሠራው ፍላሹን በቀጥታ ለሚያገኝ ነው። ስኳሽኤፍኤስ ካርድ ላይም ይሠራል። የርካሽ ካርድ ችግር የተቆጣጣሪው የራሱ ማስታወሻ በመብራት መጥፋት ሊበላሽ መቻሉ ነው፤ ያኔ አንተ ያልነካኸው ፋይልም አብሮ ይሄዳል። መረጃ ገልብጦ ለመውሰጃ ተጠቀምበት። ሲስተሙን አትጫንበት።

ሌላ ጊዜ ናንድ የሚባለው ሌላ ዓይነት ፍላሽ ያለው ሳጥን ቢያጋጥምህ ይህን ሁሉ እንዳለ አትገልብጠው። ናንድ ከፋብሪካ ሲወጣም የተበላሹ ብሎኮች ሊኖሩት ይችላል። እዚያ ከሥር ዩቢአይ (የተበላሹ ብሎኮችን የሚያስተዳድር ንብርብር) ያስፈልጋል፤ ስኳሽኤፍኤሱም በሱ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ የሚጻፍበት ክፍል ደግሞ ጄኤፍኤፍኤስ2 መሆኑ ቀርቶ ዩቢአይኤፍኤስ ይሆናል።

ኢሜጁን ሊኑክስ ላይ ሥራ፤ የአቃፊ ዛፉንም ከዊንዶውስ ጋር በምትጋራው ዲስክ ላይ አታስቀምጠው። እዚያ የማስኬድ ፈቃዱ፣ ባለቤቱ፣ አንዳንዴም የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነቱ ይጠፋል። ላፕቶፕህ ላይ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ራውተሩ ላይ የመጀመሪያው ፕሮግራም «ፈቃድ የለም» ይልሃል። መሥሪያውንም ሁሉም ፋይል የሩት (የሲስተሙ ዋና ተጠቃሚ) ይሁን በለው፤ አለበለዚያ የላፕቶፕህ ተጠቃሚ ቁጥር ከፋይሎቹ ጋር አጋሮ ይሄዳል።

ከመጻፍህ በፊት ሙሉ ፍላሹን፣ ሁሉንም ክፍልፋይ፣ ገልብጠህ ሁለት ቦታ አስቀምጥ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንድ ከሰዓት መርካቶ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ውጭ ዝናቡ እያወረደው፣ አንድ ራውተር ላይ «ባዶ መሳይ» ክፍልፋይ አገኘሁ። 64 ኪሎባይት፤ ቢጨመር ምን አለ ብዬ አጠፋሁት። ራውተሩ በደንብ ተነሳ። ዋይፋዩ ግን ከባንኮኒው ወዲያ አይሰማም። ያጠፋሁት በፋብሪካ ለዚያች ሳጥን ብቻ የተለካውን የሬዲዮ ልኬት ነበር፤ ኮፒ አልነበረኝም። ከሌላ ራውተር መገልበጥ ትችላለህ፣ ግን የሌላ ሰው መነጽር ማድረግ ነው፤ ያያል፣ በደንብ አያይም። ያችን አንዲት ብሎክ አትንካ። ቡትሎደሩንም እንደዚያው፤ እሱ እስካለ በሲሪያል ገመድ ገብተህ ትመለሳለህ፣ እሱ ከሄደ ቺፑን ነቅሎ ፕሮግራመር በሚባለው ቺፕ መጻፊያ መሣሪያ መጻፍ ነው። የሲሪያል ገመድህ 3.3 ቮልት መሆኑን አረጋግጥ፤ 5 ቮልቱ ሳጥኑን ሊገድለው ይችላል። ላፕቶፑ በባትሪ ነው ብለህ ራውተሩን ግድግዳው ላይ አትሰካው፤ ስትጽፍ ሁለቱም ከዩፒኤስ ወይም ከባትሪ ይሁኑ።

አጋሮ ከመሄድህ በፊት፣ እዚያው ጅማ ጠረጴዛህ ላይ፣ ሳጥኑ እየጻፈ ሳለ ሶኬቱን ንቀለው። ሃያ ጊዜ። በተለይ የሰዓቱ መረጃ በሚጻፍበት ቅጽበት። በያንዳንዱ መነሳት ስንት ሰከንድ እንደፈጀና የመጨረሻው የተጻፈ ሰዓት የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ መዝግብ። መነሻው ከአምስተኛው ወደ አሥራ አምስተኛው እየረዘመ ከሄደ አንድ ፕሮግራም ደብቆ በትንንሹ እየጻፈ ነው። ፈልገህ ያዘው፤ ብዙውን ጊዜ ረስተኸው የቀረ ሎግ ነው።